«ቢራ ሻጭ» ስላልከው ሰውዬ ትንሽ ልመልስልህ፦ ኬኔት ትሬድጊል እና የኦስቲን ሙዚቃ

ሰላም ወንድሜ። ስለ ኦስቲን ሙዚቃ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ፣ አንዴ ደሞ ቤት ገብቼ ቡና ይዤ፣ ሁለቴም ተናደድኩ። ጽሑፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እንደውም በአማርኛ ስለ ካንትሪ (የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ) ከኬኒ ሮጀርስ ካሴት አልፎ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው፣ ግን አንድ ሽማግሌ ሰውዬ በአንድ አንቀጽ ቀብረህ አለፍክ፣ እኔ ደሞ እዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ፦ ወንድማችን የሚለው ኦስቲን ቴክሳስ የድሮው የገጠር ሙዚቃ እንደገና የተነሳባት ከተማ የሆነችው ካንትሪ ዘፋኙ ዊሊ ኔልሰን ስለመጣ ነው፣ ከሱ በፊት ባዶ ሜዳ ነበር፣ ኬኔት ትሬድጊል የሚባለው ቢራ ሻጭ እንጂ ሙዚቀኛ አልነበረም፣ ስሙ የቀረውም የሮክ ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊን እሱ መጠጥ ቤት ስለዘፈነች ነው፣ ጸጉሩን ያሳደገውን ሂፒና ካውቦዩን ያስታረቀውም ዊሊ ነው፣ መጠጥ ቤቱ ደሞ ከተዘጋ በኋላ የቱሪስት ምግብ ቤት ሆኖ ቀረ፣ ስለዚህ አዲስ አበባም የሚያስፈልጋት አንድ ዊሊ ነው። እንግዲህ በየተራ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

አንደኛው፣ «ከዊሊ በፊት ባዶ ሜዳ» የምትለው። ዊሊ አርማዲሎ ወርልድ ሄድኳርተርስ የሚባለው አዳራሽ መጀመሪያ የተጫወተው ኦገስት 12፣ 1972 ነው፣ ልክ ነህ፣ ትልቅ ምሽት ነው። ግን አዳራሹ ራሱ ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በኦገስት 1970 ተከፍቷል እኮ! የድሮ የብሔራዊ ዘብ መጋዘን ነበር፣ ኤዲ ዊልሰንና ጓደኞቹ ናቸው ሙዚቃ ቤት ያደረጉት። ከሱ በፊት ደሞ ከ1967 ጀምሮ ቮልካን ጋዝ ካምፓኒ የሚባል ሙዚቃ ቤት ነበር፣ የናቫሶታው ገበሬ ማንስ ሊፕስኮምብ ጊታሩን ይዞ ጸጉራቸውን ላሳደጉ ልጆች የተጫወተበት። ብሮክን ስፖክ ከ1964 ጀምሮ ሰው እያስጨፈረ ነው፣ ኮንቲኔንታል ክለብ ከ1950ዎቹ። ባዶ ሜዳ ላይ ይሄ ሁሉ ቤት ከየት በቀለ? ዊሊ የመጣው እኮ ጆሮው የተከፈተ ታዳሚ ስላገኘ ነው፣ የካንትሪ ንግድ ዋና ከተማ በሆነችው ናሽቪል ውስጥ ዘፈን እየሸጠ እሱ ራሱ ግን እንደሚፈልገው መዝፈን ሳይችል ዓመታት ያሳለፈ ሰው ነው፣ እዚህ ሲመጣ ጸጉሩን አሳድጎ የፈለገውን ሲዘፍን የሚሰማው ሕዝብ ተቀምጦ ጠበቀው። ጥያቄው ያንን ሕዝብ ማን አስቀመጠው ነው። አንተ ይሄን ጥያቄ አልጠየቅክም፣ ነገሩ ያለው ግን እሱ ጋ ነው።

ሁለተኛው፣ «ቢራ ሻጭ ነው እንጂ ሙዚቀኛ አይደለም»። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ሰውዬው በ1909 ሰሜን ምሥራቅ ቴክሳስ ውስጥ ከግሪንቪል አጠገብ ነው የተወለደው፣ አባቱ ሰባኪ ናቸው፣ ብዙ ልጆች ያሉበት ቤት ነው። በወጣትነቱ ቦሞንት ከተማ ቲያትር ቤት ሲሠራ ጂሚ ሮጀርስን አገኘው። ጂሚ ሮጀርስ ማለት የካንትሪ አባት የሚሉት ሰው ነው፣ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት በ1933 ገና በ35 ዓመቱ የሞተ፣ የካንትሪ የክብር አዳራሽ በ1961 ሲጀመር መጀመሪያ ከገቡት አንዱ እሱ ነው። የሱ መለያ ዮድል ነው። ዮድል ለማታውቁት፣ ድምፅህ ከደረትህ ድንገት ወደ ቀጭኑ ዘሎ ሲመለስ ነው፣ መሃሉ ላይ የተሰበረ ይመስላል፣ እረኛ ተራራ ላይ ሆኖ ማዶ ያለውን ሲጣራ የሚያወጣውን ድምፅ አስበው። ሮጀርስ ያንን ከጥቁሮቹ ብሉዝ ጋር ቀላቀለው፣ ብሉዙን ደሞ የተማረው ሚሲሲፒ ውስጥ ሐዲድ ከሚሠሩት ጥቁር የቀን ሠራተኞች ነው። ትሬድጊል ይሄንን ከራሱ ከምንጩ ሰምቶ ያዘው፣ እስኪሞት ድረስም ዮድል አደረገ። ከሰውዬው በቀጥታ ሰምቶ ጥበቡን ለሌላ ያስተላለፈን ሰው እኛ ምን እንለዋለን? ቅኔ ቤት ቢሆን «ከነማን ተቀበልክ» ተብሎ ይጠየቃል አይደል፣ ይሄ ሰው መልስ አለው።

ቢራውን በተመለከተ አዎ ሸጧል፣ ማን ካደ። በ1933 ኖርዝ ላማር መንገድ ላይ፣ ያኔ ከከተማ ውጪ በነበረው፣ የጋልፍ ቤንዚን ማደያ ያዘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ክልከላው ሲነሳ ሌሊቱን ተሰልፎ አድሮ የአውራጃውን የመጀመሪያ ቢራ ፈቃድ አወጣ ይባላል። ቤቱ ሌትና ቀን ክፍት ስለነበር በጦርነቱ ጊዜ በ1942 የሰዓት እላፊ ሲታወጅ በሩን የሚዘጉበት ቁልፍ አጥተው ነበር ብለው ይቀልዳሉ፣ እውነት ይሁን አይሁን ያወሩት ባለቤቶቹ ናቸው። ታዲያ ቢራ መሸጥ ሙዚቀኝነትን ይሽራል እንዴ? ስንት ጠጅ ቤት ነው ባለቤቱ ራሱ ማሲንቆ አንስቶ እንግዳ የሚቀበለው። ትሬድጊልም ልክ እንደዛ ነው፣ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ ሽርጡን ሳይፈታ ነው የሚዘፍነው፣ ዘፍኖ ሲጨርስ ወደ ባንኮኒው ይመለሳል።

«ሂት የለውም» ላልከው፣ አዎ የለውም፣ ሲዲ ላይ ብትፈልገው ትንሽ ነው የምታገኘው፣ የቀረጸውም ካረጀ በኋላ ነው። ግን ወንድሜ አንተ እኮ እየጻፍክ ያለኸው ስለ ሩትስ ሙዚቃ ነው፣ ከሕዝቡ ሥር ስለመጣው የድሮ ሙዚቃ፣ ስለ ፖፕ ቻርት አይደለም። የዚህ ሙዚቃ መለኪያ ዘፈን በሽያጭ በሚደረደርበት በቢልቦርድ ቁጥር ከሆነማ አዝማሪዎቻችንንም ሁሉ ሙዚቀኛ አይደላችሁም ልንላቸው ነው። ደሞ በ1968 ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ ጠርተውት ዘፍኗል፣ ኒውፖርት ቢራ ሻጭ ፈልጎ ወደ ቴክሳስ አይልክም መቼም።

ሦስተኛው የጃኒስ ነገር። እሺ፣ ይሄን ብዙ ሰው ነው የሚለው፣ አንተ ብቻ አይደለህም፣ ምክንያቱም ታሪኩ ያምራል፣ ያልታወቀች ልጅ፣ ቤንዚን ማደያ፣ ሽማግሌ፣ ከዛ ዝና ከዛ ሞት። ፊልም ነው የሚመስለው። ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጥከው።

ጃኒስ ከፖርት አርተር ወደ ኦስቲን የመጣችው በ1962 ነው፣ 19 ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ግቢው ውስጥ በአለባበሷም በፀባይዋም የሚያሾፉባት ብዙ ናቸው። ከላኒ ዊጊንስና ሃርሞኒካ ከሚነፋው ፓወል ሴንት ጆን ጋር ዎለር ክሪክ ቦይስ የሚባል ቡድን ሆነው ረቡዕ ረቡዕ ማታ ትሬድጊል ቤት ይዘፍናሉ፣ ክፍያው ቢራ ነው ማለት ይቻላል። በጃንዋሪ 1963 ትታ መንገድ ላይ መኪና እያስቆመች ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደች። ስትቆጥረው አንድ ዓመት አይሞላም። የረቡዕ ምሽቱ ግን እሷ ስትመጣም ነበረ፣ ስትሄድም ቀጠለ። ከሷ በፊት እዛ ቤት ጊታር ይዘው ከሚመጡት የዩኒቨርሲቲ ልጆች አንዱ ማን እንደነበር ታውቃለህ? ቢል ማሎን። የታሪክ ዶክትሬቱን ሲሠራ የነበረ የገበሬ ልጅ፣ ማታ ትሬድጊል ቤት የድሮ ዘፈን ይዘፍናል፣ ቀን ላይብረሪ ገብቶ ያንኑ ሙዚቃ ያጠናል፣ ጥናቱ በ1968 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ ስለ ካንትሪ በምሁር ደረጃ የተጻፈ የመጀመሪያው ሙሉ ታሪክ ሆነ። እስቲ አስበው፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካንትሪ ማለት የባላገር ጩኸት ነው፣ ምሁር አይነካውም፣ ያ ልጅ ግን በየሳምንቱ ያንን ሙዚቃ የሚያከብር አንድ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል። እኔ ይሄ ከጃኒስ ታሪክ ይበልጥብኛል፣ ማንም ግን አያወራውም፣ ማሎን እንደ ኮከቦቹ በወጣትነቱ አልሞተም፣ መጽሐፍ ነው የጻፈው፣ መጽሐፍ ደሞ ወሬ አይሆንም።

ፓወል ሴንት ጆንም ቢሆን ኋላ ለቴርቲንዝ ፍሎር ኤሌቬተርስ ባንድ ዘፈን የጻፈ ሰው ነው፣ እነሱ ደሞ የሳይኬደሊክ ሮክ ጀማሪዎች የሚባሉት የኦስቲን ልጆች ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማን ማን እንደተቀመጠ አየህ?

ማን ለማን ባለ ዕዳ እንደሆነ ደሞ ጃኒስ ራሷ መልሳልሃለች። በጁላይ 1970 ኦክ ሂል ውስጥ ለትሬድጊል ትልቅ ድግስ ተደርጎለት ነበር፣ «ልደት» ብለውት፣ ልደቱ በሴፕቴምበር ቢሆንም፣ ሺዎች መጡ። እሷ ያን ጊዜ የዓለም ኮከብ ናት፣ ከሃዋይ በቀጥታ በርራ መጣች፣ የሃዋይ አበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አጠለቀችለት፣ ጊታር ተውሳ የክሪስ ክሪስቶፈርሰንን ዘፈን ዘፈነች። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ኦክቶበር 4 ላይ ሞተች። ኮከብ የሆነ ሰው ባሕር አቋርጦ ለቢራ ሻጭ አይመጣም፣ ለመምህሩ ግን ይመጣል። ጃኒስ ዝነኛ አድርጋዋለች ብትል እስማማለሁ፣ ዝና ሰጥታዋለች፣ ሥራውን ግን ከሷ በፊት እየሠራው ነበር፣ ሁለቱ ይለያያሉ።

አራተኛ፣ ሂፒና ሬድኔክ። ለማያውቅ፣ ሬድኔክ የሚሉት የገጠሩን ነጭ ሠራተኛ ነው፣ በ60ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ጸጉርህን አሳድገህ የካውቦይ መጠጥ ቤት መግባት ድብደባ መፈለግ ነበር። አንተ ያልከው ዊሊ አርማዲሎ መድረክ ላይ ወጣ፣ ሁለቱ ወገኖች ተያዩ፣ ታረቁ። ያምራል፣ ግማሹም እውነት ነው። ግን ትሬድጊል ቤት ረቡዕ ማታ የሚቀመጠው ማን ነበር? የሰፈሩ ሠራተኞች፣ መካኒክ ምናምን፣ ከጎናቸው ደሞ ጢማቸውን ያሳደጉ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ ያውም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ሂፒ የሚለው ቃል ራሱ ገና ሳይለመድ። ሰውዬው ነጭ ጸጉር ሆዱ የወጣ ፈገግተኛ ሽማግሌ ነው፣ እሱ «ይዘፍኑ» ካለ ማንም አይናገርም፣ በቤቱ የሱ ቃል ሕግ ነው። የኛ ሰፈር ጠጅ ቤት ውስጥ አንዲት ኃይለኛ ኮማሪት ካለች ማንም ማንንም እንደማይነካው ማለት ነው።

ከዛ በኋላ እሱና ሁትናኒ ሁትስ የሚባለው ባንዱ ስፕሊት ሬይል የሚባል ቤት ይጫወቱ ነበር፣ መግቢያ የማያስከፍል ተራ መጠጥ ቤት ነው፣ እዚያው ቤት በ1972 ፍሬዳ ኤንድ ዘ ፋየርዶግስ የሚባሉት ከፒያኖ ተጫዋቿ ማርሻ ቦል ጋር ጸጉራቸውን እንዳሳደጉ ንጹህ ካንትሪ ይጫወቱ ነበር፣ ካውቦዩም ሂፒውም እኩል እየጨፈረ። ስለዚህ ዊሊ በዛ ዓመት ኦገስት ላይ ሲመጣ ዕርቁ ተጀምሯል፣ እሱ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አስገባውና ዓለም እንዲያየው አደረገ። ትልቅ ነገር ነው፣ አላሳነስኩትም። እንደውም ዊሊን ብትጠይቀው እኔ የምልህን የሚልህ ይመስለኛል፣ በ1980 እሱ ዋና ተዋናይ የሆነበት ፊልም ሲሠራ ትሬድጊልን አስገብቶ አዘፍኖታል፣ ሰውዬው 70 አልፎት ነበር። አንተ የዊሊ አድናቂ ሆነህ ይሄን ሳትጠቅስ መቅረትህ ገረመኝ።

አሁን ደሞ ልክ የሆንክበትን ልንገርህ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም። ያለ ዊሊ ቴሌቪዥን አይመጣም ነበር። በ1974 የኦስቲን ሲቲ ሊሚትስ የሙከራ ፕሮግራም የተቀረጸው በሱ ነው፣ ያ ፕሮግራም እስከዛሬ አለ፣ ከተማዋ በ1991 «የዓለም የላይቭ ሙዚቃ ዋና ከተማ» ብላ ራሷን የሰየመችውም በዚህ ሁሉ ላይ ቆማ ነው። ትሬድጊል ካሜራ የማምጣት አቅም አልነበረውም፣ ፍላጎቱም ያለው አይመስለኝም።

አንተም እኔም ያልነካነው ነገር ደሞ አለ። ይሄ «የኦስቲን ሩትስ» የሚባለው ታሪክ ሲነገር ሁሌ ነጭ ነው። ከተማዋ በ1928 ባወጣችው ፕላን ጥቁሮቹን ወደ ምሥራቅ ገፍታ ትምህርት ቤቱንም መናፈሻውንም እዛ ብቻ አደረገችላቸው፣ ከሀይዌዩ ማዶ በ11ኛው መንገድ ላይ ከ1945 ጀምሮ ቪክቶሪ ግሪል የሚባል ቤት ነበር፣ ጆኒ ሆምስ የከፈተው፣ እነ ቢቢ ኪንግና ቦቢ ብላንድ የተጫወቱበት። ጂሚ ሮጀርስ ከጥቁር የሐዲድ ሠራተኞች የተማረውን ትሬድጊል በዮድል ለነጭ ተማሪዎች ሲያስተምር፣ ጥቂት ማይል ወደዛ ባለቤቶቹ ራሳቸው እየዘፈኑት ነበር፣ የሚጻፈው ግን ስለ ቤንዚን ማደያው ነው። «ከዊሊ በፊት ባዶ ሜዳ» የሚለው ቃልህ ትሬድጊልን ብቻ አይደለም የሚያጠፋው ማለቴ ነው።

አምስተኛ፣ «ከተዘጋ በኋላ የቱሪስት ምግብ ቤት»። ሚስቱ ሚልድረድ በ1974 ስትሞትበት ሰውዬው ቤቱን ዘጋው፣ ልቡ ተሰበረ። ከዛ የገዛው ማን መሰለህ፣ ያው የአርማዲሎው ኤዲ ዊልሰን! አርማዲሎ ከተዘጋ በኋላ በ1981 መጨረሻ ምግብ ቤት አድርጎ ከፈተው፣ ስሙን ሳይቀይር። ሁለቱ ቤቶች የተለያየ ታሪክ ናቸው ብለህ ነበር የጻፍከው፣ የአንዱ መሥራች የሌላውን ገዝቶ ሲያኖረው የተለያየ የሚሆነው እንዴት ነው። የረቡዕ ማታውን ሙዚቃም መለሰው፣ ጂሚ ዴል ጊልሞርና ሻምፕ ሁድ ዓይነት ሰዎች ዙሪያውን እራት እየተበላ ይዘፍኑ ነበር። ትሬድጊል ራሱ በ1987 ሞተ።

እኔ የደረስኩት በመጨረሻው ዘመን ነው። መጀመሪያ የገባሁት ተሳፋሪ አድርሼ ርቦኝ ነው፣ ምን ቤት እንደሆነ አላውቅም፣ ሥጋውን በዱቄት ጠብሰው ነጭ መረቅ የሚያፈሱበትን አዘዝኩ፣ ከሳህኑ ይሰፋል፣ ግድግዳው ሙሉ ፖስተርና የድሮ ኒዮን ነው፣ ጥግ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ጊታር ይዘው የሚበላውን ሰው ሳይረብሹ ይዘፍናሉ። አንደኛው ድምፁ ድንገት ሲሰበር ማንኪያዬን አስቀመጥኩ፣ ጎጃም አያቴ ጋ ክረምት ስሄድ እረኞቹ ሲጣሩ የምሰማው ድምፅ ነው የመጣብኝ። አስተናጋጇን ምንድነው ይሄ አልኳት፣ ዮድል ነው አለችኝና ግድግዳው ላይ የሰውዬውን ፎቶ አሳየችኝ። በዛ ነው ይሄን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት። ቱሪስት ነበር? ነበር። ግን ኮሮና መጥቶ በ2020 እስኪዘጋ ድረስ እኔን ዓይነቱን ከሌላ ዓለም የመጣ ሰው ስለ ጂሚ ሮጀርስ የሚያስተምር ሌላ ቤት አላየሁም። አሁን በዛ ሳልፍ ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም።

የመጨረሻው የአዲስ አበባው። «አንድ ዊሊ ያስፈልገናል» አልክ። ዊሊ ዓይነቱማ አለን እኮ፣ ኮከብ መች አጣን፣ ስታዲየም የሚሞላ ዘፋኝ ሞልቷል። ያጣነው ረቡዕ ረቡዕ የሚከፈት ቤት ነው፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ቢራ ዋጋ ገብቶ ከባለማሲንቆው አጠገብ ተቀምጦ ሲሳሳት የማይሳቅበት፣ ባለቤቱም ሰውዬው የሚዘፍነውን ከነምንጩ የሚያውቅ። አዝማሪ ቤቶቹ ኪራይ እየጨመረባቸው፣ ሰፈር እየፈረሰባቸው አንድ በአንድ ሲዘጉ እኛ ኮከብ እንጠብቃለን። ጽሑፍህን እንደገና ከጻፍከው ይሄን ይሄን ጨምርበት፣ ስለ ኮከቡ ያለውን ማሳጠር ትችላለህ።

እና አንድ ትንሽ ነገር፣ አርማዲሎ የተዘጋው በ1980 የመጨረሻ ሌሊት ነው፣ አንተ 1982 ብለሃል፣ እሱን ቶሎ አስተካክለው፣ ሰው ኮፒ እያደረገው ነው።